ለቁርጭምጭሚት ወጌሻ አለ፤ ለሐሳብስ?

ሯጮቻችን አሸንፈው ሲመለሱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። አበባው፣ ሰንደቅ ዓላማው፣ እልልታው! በዚያው አውሮፕላን ሳያሸንፍ የመጣው ግን ሻንጣውን ይዞ በየት በኩል እንደወጣ ልብ ያለ ሰው አለ? ሰፈሬ ቦሌ ስለሆነ ለአቀባበል ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያጨበጨብኩት ሜዳልያ ላጠለቁት ብቻ ነው።

ይህን እንዳነሣ ያስገደደኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነው። እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠቅስም። ባለፈው ወር ግጥሚያ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በዚያው ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱ ለዞረበት ተከላካያችን ወጌሻ እየሮጠ ገባለት፤ በረዶ ተያዘለት፤ የሁለት ሳምንት ዕረፍትም ተሰጠው። ጓደኛዬስ? «ወንድ አይደለህም እንዴ! እርሳው!» ተባለና አለቀ። እርሱ ግን አልረሳውም። ሌሊት አይተኛም፤ ምግብ ቤቱ ሰው ሞልቶ ሲያይ ከበር ይመለሳል፤ ሁለት ፈተናም አመለጠው። እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ከሳቁበት አንዱ ነበርኩ።

አንዳንዱ «እውነተኛ ስፖርተኛን እንዲህ ያለ ነገር አይበግረውም» ይል ይሆናል። እስቲ ቀነኒሳ በቀለን እንይ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም. እጮኛው ዓለም በአዲስ አበባ ዳርቻ ጫካ ውስጥ አብራው ልምምድ ስትሮጥ ወደቀች፤ ሕይወቷም አለፈ። ዕድሜዋ 18 ነበር፤ እርሷም በ1995 ዓ.ም. በ1,500 ሜትር የታዳጊዎችን የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈች ሯጭ ነበረች። ቀነኒሳ ወሩ ሳይሞላ ቦስተን ላይ 3,000 ሜትር ሮጠ። እዚያም ዙር ተሳስቶ፣ ገና አንድ ዙር ሲቀር ያለ ጊዜው ፈተለከና ተሸነፈ። ከጥቂት ወራት በፊት በአቴንስ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቁት እግሮች ናቸው እኮ! ዙሩ የጠፋው ከእግሩ ነው እንዴ?

በመጋቢት ፈረንሳይ ሀገር በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። ይህን የሰማ «አያችሁ፣ ጠንካራ ሰው ራሱ ይወጣዋል» ማለት ይቀናዋል። በበኩሌ አልስማማም። ሰው ለሞተበትማ ሥርዓት አለን፤ ለቅሶ እንደርሳለን፤ ሐዘንተኛን ብቻውን አናሳድርም። ኳስ ለሳተ፣ ከቡድን ለተቀነሰ፣ ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመት ሙሉ ለተቀመጠ ልጅ ግን ማን ይደርስለታል? ይባስ ብለን ቅጽል ስም እናወጣለታለን።

በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ አሜሪካዊቷ ጂምናስቲከኛ ሲሞን ባይልስ አእምሮዬን ማዳን አለብኝ ብላ ከቡድን ፍጻሜው መሐል ወጣች። ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ 3 ወርቅ ወሰደች። እኛ ሜዳ ላይ ብትሆን ኖሮ ምን እንላት እንደነበር መገመት አያቅትም።

ሐኪም ይቀጠርልን አልልም፤ በጀቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሥነ ልቦና መምህሮቻችን ግን እዚሁ አሉ። እኛም የተማሪን ጭንቀት እንዴት እንደምንረዳ ለፈተና ሸምድደናል። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ዘግቶ ስፖርተኛን የሚያዳምጥ መምህር ቢመደብ ምን ይከብዳል? አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፤ የሰማውን ለአሠልጣኙ እንዳይነግር። ከአሰላለፍ እሰረዛለሁ ብሎ የሚፈራ ልጅ አፉን አይከፍትም። ከአቅም በላይ የሆነውን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል መላክ ይቻላል፤ ለዚህ ግን «አማኑኤል» በተባለ ቁጥር መሳቃችንን መተው አለብን።

አምበላችን የሚቀጥለውን ግጥሚያ አሰላለፍ በሚመጣው ሳምንት ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ጓደኛዬ ማሊያውን አጥቦ አስረክቧል። እስካሁን ከቡድኑ መጥቶ «ና እንጂ» ያለው የለም። እኔ ትናንት ማታ አልኩት፤ ዝም ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ዛሬም እለዋለሁ።