ሚሞሪ ከተጨመረለት በኋላ አልከፈት ስላለ ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር በታመመ ጊዜ በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንዱ ቫይረስ ነው ይላል፤ ሌላው ዲስኩ አርጅቷል ይላል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ካቻቪቴውን ይዞ ይነሣል። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በስማዳ ወረዳ ከተማ በወገዳ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን የላኩልን ደብዳቤ ነው።

እኒህ ወዳጃችን ብዙ ዘመን በጽሕፈት ሥራ ያገለገሉ ሰው ናቸው። ኮምፒዩተራቸው ቢዘገይባቸው የእኅታቸው ልጅ ባሕር ዳር ሄዶ ሚሞሪ ገዝቶ ጨመረላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማራገቢያው ይዞራል፥ መብራቱም ይበራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። የተጠራው የጥገና ሠራተኛም አይቶ «ጌታዬ፥ ዲስኩ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» አላቸው። በዲስኩ ውስጥ ግን ገና ያላለቀ የመሬት ክርክር ወረቀት፥ የልጃቸው የመመረቂያ ጽሑፍና የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ አለ፤ ሌላም ግልባጭ የላቸውም። ስለዚህ «ምን ይሻለኛል?» ሲሉ ጠየቁን።

ከሁሉ አስቀድሞ የምንመልስላቸው፥ ዲስኩን ማንም እንዳይነካባቸው ነው። ዲስክና ሚሞሪ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸውና። ዲስክ መዝገብ ቤት ነው፤ ኤሌክትሪክ ቢጠፋም የተቀመጠው ይኖራል። ሚሞሪ ግን ጸሐፊው ለዕለቱ ሥራ መዝገቡን አውጥቶ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው፤ ማታ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። እንግዲህ የጠረጴዛው እግር ቢነቃነቅ መዝገብ ቤቱን ማቃጠል ምን ይባላል? ደግሞም ኮምፒዩተር በተነሣ ጊዜ ሚሞሪውን የሚመረምረው ከዲስኩ አስቀድሞ ነው። የፋብሪካው ምልክት እንኳ ሳይታይ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከቀረ፥ ነገሩ ዲስኩ ዘንድ ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ ፎርማትም አያድነውም።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ትናንት ደኅና የነበረ ዛሬ ከታመመ፥ በመካከሉ የተለወጠውን መጠየቅ ይገባል፤ የተለወጠውም ሚሞሪው ብቻ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪኩ ገመድ ከግድግዳው ይነቀል፤ ከዚያም በውስጡ የቀረው ኀይል እንዲያልቅ የመክፈቻው ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይቆይ። አዲሱ ሚሞሪ ይውጣ፤ አሮጌው ብቻ በቀድሞ ቦታው ይግባ። ኮምፒዩተሩ ከተከፈተ ፎቶግራፉም የክርክሩም ወረቀት በሰላም አሉ፤ ወዳጃችን በዚያው ሰዓት ሁሉንም በሌላ ዲስክ ይገልብጡ። በአሮጌውም ካልተከፈተ፥ እጅ በገባ ጊዜ አንድ ገመድ ላልቶ ወይም ሚሞሪው አጥብቆ ሳይገባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሚሞሪ ሲገባ ከሚጠበቀው በላይ ጉልበት ይጠይቃል፤ የጎኑ መያዣ ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ድረስ በሁለቱም ጫፍ በእኩል መጫን ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ያየነው ሕመም ሁሉ ይኸው ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ እጅ ካነሣን አይቀር፥ በጋይንትና በእስቴ ደጋ በበጋ ወራት አየሩ ሲደርቅ ሰውነት በተለይም በሱፍ ልብስ ላይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ሰው ራሱ የማይሰማው ትንሽ ብልጭታ እንኳ ሚሞሪን ሊያበላሽ ይችላል። በርኖሱን አውልቆ፥ የሳጥኑን ቀለም ያልተቀባ ብረት ነክቶ፥ ሚሞሪውንም በጠርዙ ይዞ መሥራት ነው። ወርቃማውን ጥርስ በጣት አይነኩም።

አዲሱን ለይቶ መመርመር ቀጥሎ ይመጣል። በገበያ ዲዲአር 3 እ.ኤ.አ. በ2007፥ ዲዲአር 4 በ2014፥ ዲዲአር 5 በ2021 ወጡ። የመጀመሪያው 1.5፥ ሁለተኛው 1.2፥ ሦስተኛው 1.1 ቮልት የሚሹ ሲሆኑ፥ አንዱ በሌላው ስፍራ እንዳይገባ የጥርሳቸው ስንጥቅ ቦታ ለየብቻ ነው። አልገባም ያለውን በግድ የሚያስገባ ማዘርቦርዱን ይሰብራል። ነገር ግን ገብቶም የማይሠራ አለ፤ ይኸውም ከሰርቨር ወልቆ በርካሽ የሚሸጠው ሬጂስተርድ የተባለው ነው። የዲዲአር 3 እና የዲዲአር 4 ሬጂስተርድ በተራው ኮምፒዩተር ስፍራ ልክ ይገባል፤ ተራው ኮምፒዩተር ግን አይቀበለውም። አብዛኛውን ጊዜ በተለጠፈበት ወረቀት ላይ ከቁጥሩ በኋላ ለሰርቨር የሆነው «አር»፥ ለተራው የሆነው «ዩ» የሚባለው የላቲን ፊደል ይታይበታል። የእኅታቸው ልጅ ዋጋው ቀለለልኝ ብሎ ተደስቶ እንደ ሆነ ይህን አስቀድሞ ይመልከት። ዳግመኛም ብዙዎቹ የዲዲአር 3 ማዘርቦርዶች በአንድ ማስገቢያ ከ8 ጊጋ ባይት የበለጠ አይቀበሉም።

ዐይነቱ ትክክል ከሆነ አሮጌው ይውጣና አዲሱ ብቻውን ይሞከር፤ በአንዱ ማስገቢያ እንቢ ቢል በሌላው ይሞከር። ብቻውን ከሠራና ከአሮጌው ጋር ሲሆን ካልሠራ፥ ሁለቱ አልተስማሙም ማለት ነው፤ አንድ ዐይነት ጥንድ መግዛት ይሻላል።

በመጨረሻ የሚሞከረው የማዘርቦርዱን የቀድሞ ቅንብር መሰረዝ ነው። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ 3 ቮልት ያላት ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ትውጣ። በዚህ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፥ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳልና ሳይታረም ሰነድ አይጻፍ፤ ክርክር ላለበት ሰው የተሳሳተ ቀን ያለው ወረቀት ምን ያህል መዘዝ እንዳለው ለእናንተ አንነግርም። ሁለተኛ፥ ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው ቁልፍ የተዘጋ እንደ ሆነ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላልና፥ ቁጥሩ ሳይገኝ ባትሪዋ አትነካ።

ዲዲአር 5 ያላቸው አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ግን ሚሞሪ ሲለወጥላቸው በመጀመሪያው ቀን ራሳቸውን ለማስማማት ጥቂት ደቂቃ በጨለማ ሊቆዩ ይችላሉ። ባለቤቱ ሳይታገሥ ቢያጠፋው ሥራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የወዳጃችን ኮምፒዩተር ተከፍቶ ሁለቱም ሚሞሪ ከታየ በኋላ፥ ሜምቴስት 86 የተባለው መርማሪ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራበት። አንዲት ስሕተት እንኳ ቢያሳይ ሚሞሪው ለነጋዴው ይመለስ፤ እስከዚያው ድረስ ደረሰኙና ማሸጊያው እንዳይጣል የእኅታቸውን ልጅ አደራ ይበሉት።