ዜማው ከፊደሉ አናት ሲወርድ

አዲሱ ገበያ ከታክሲ ወርዳችሁ ብዙ ሳትራመዱ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ታፔላ አታጡም። ባለፈው ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ አንድ ዲያቆን ነበር። ከድጓ የተቀዳ፣ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ይዟል። ልጅቷ ቃሉን በሩብ ሰዓት ለቀመችው። ከዚያ ከቃሉ በላይ የተኮለኮሉትን ጥቃቅን ምልክቶች እያሳየች «ዲያቆን፣ እነዚህስ?» አለችው።

«እነሱማ እኮ ዜማው ናቸው፣ እህቴ።»

«ኮምፒውተር ላይ የሉም።»

ተስማሙ። መስመሩን ሰፋ አድርጋ አተመችለት፤ እሱም ምልክቱን በእስክሪብቶ ሊሞላ ይዞ ሄደ።

እኔን ያበሳጨኝ ምን መሰላችሁ? አሉ እኮ! የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2005 ደግሞ በዩኒኮድ 4.1 አሥር የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት እና ቁርጥ። ዜማውን ትውፊታችን ለ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ ቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ምልክቱን ያደራጁት ግን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። እንግዲህ የእነሱ ድካም ኮድ ካገኘ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ አዲሱ ገበያ ላይ «የለም» እንባባላለን።

እውነት ለመናገር ነገሩ ትንሽ ይጠልፋል። የዕብራይስጡን ተመልከቱ። አይሁድ ኦሪትን በዜማ የሚያነቡባቸው ወደ 30 የሚጠጉ ምልክቶች አሏቸው። ከ1996 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል፤ ኮዳቸውም ምልክቱ በቀጥታ ከፊደሉ ላይ ወይም ሥር እንዲጣበቅ ያዛል። የኛዎቹ ግን እንደማንኛውም ፊደል ራሳቸውን ችለው በመስመሩ ላይ ይሰለፋሉ። ድፋትን ብትጽፉት ከፊደሉ አናት አይወጣም፤ ጎኑ ይቆማል።

ይህን ስሕተት ነው አልልም። ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት ብቻ አይደለም፤ ትንንሽ ፊደላትም አሉበት። ማለትም ከቃሉ በላይ ሌላ መስመር አለ። መጣበቅም የራሱ ጣጣ አለው። በዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ «ኢየሩሳሌም» ሲጻፍ አንድ ፊደል ሥር ሁለት አናባቢ ይገባል። ኮምፒውተሩ ግን በተሰጠው ደንብ ቅደም ተከተላቸውን ይገለብጠዋል። ደንቡ አንዴ ከወጣ አይቀየርምና፣ መካከላቸው የማይታይ ምልክት እየሸጎጡ ይኖራሉ። የከተማዋ ስም እንኳ አልተማረም!

ለኛ መፍትሔው ሌላ ቦታ ነው። ጃፓኖች ከቃል በላይ ንባቡን በትንንሽ ፊደል የሚጽፉበት «ሩቢ» የሚባል ዘዴ አላቸው፤ የኢንተርኔት ማሰሻዎች ሁሉ ያውቁታል። ይዘቱንም፣ ድፋቱንም፣ ትንንሾቹንም ፊደላት ይሸከማል። ምልክቶቹን የያዙ እንደ አቢሲኒካና ኖቶ ያሉ ፎንቶችም በነጻ ይገኛሉ። ታዲያ ምን ቀረ? ሰው ቀረ። ጸሐፊዋ በቀላሉ የምትመታው ኪቦርድ፣ አንድ ገጽ ድጓ ዘርግቶ «ይህ እዚህ ይቀመጣል» የሚል መሪጌታ፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ፕሮግራመር።

«ምን አገባህ? ድጓ ሲገለበጥ የኖረው በእጅ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይቀጥል! ተማሪው ዜማውን የሚያውቀው እየጻፈ ነው። ነገር ግን በስልካችን የምናዞረው የድጓ ፎቶ ለኮምፒውተር ሥዕል ነው፤ አንድ ቃል አይፈለግበትም። የቤተልሔሙ ምልክት ከቆማው ወይም ከአጫብሩ የት ላይ እንደሚለይ ልየው ብትሉ፣ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ዘርግቶ ዓይን ማፍጠጥ ነው። ቃሉ ብቻ ተጽፎ ምልክቱ ከቀረ ደግሞ የተረፈን ንባቡ እንጂ ዜማው አይደለም።

እኛ ከተሜዎች «ቅርሳችን» ማለት እንወዳለን። ፊደላችን ዩኒኮድ ሲገባም ኮርተናል። ግን ኮድ የቤት ቁጥር ነው፤ ቤቱን የሚሠራው ባለቤቱ ነው። ፕሮግራም የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ከሚቀጥለው «አፕ» በፊት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ መሪጌታ ያዙና ቡና ጋብዙ።

ያ ዲያቆን በሚቀጥለው ሲመጣ ልጅቷ «አሉ» ትበለው።