ሰዓት እላፊው ዕድሜ አይጠይቅም፤ ሕጉ ግን ይጠይቃል

ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሰው ቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ሱቁ፣ ስለ ባጃጁና ስለ ታማሚው ነው። ልጅ በማታ ከቤቱ ነው ተብሎ ይታለፋል።

የቆቦና የራያ ቆላ ኑሮ ግን እንዲህ አይደለም። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ሰዓት መርጦ አይመጣም፤ ሌሊት ከደረሰ ወደ ማሽላው ማሳ ለመጥለፍ አባትም ልጅም አካፋ ይዞ ይወጣል። በከተማው ደግሞ ቆሎና ማስቲካ የሚሸጥ፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ አለ። በረንዳ ለሚያድረው ልጅ «ቤትህ ግባ» ማለት ትርጉም የለውም።

በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ለታዳጊዎች ብቻ የተደነገገ ሰዓት እላፊ አለ፤ ሲጣስ ልጁ ወይም ወላጁ ይቀጣል። በኢትዮጵያ የተለመደው በጸጥታ ምክንያት በሁሉም ላይ የሚጣለው ነው። የአማራ ክልል በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሰዓት እላፊ አውጆ ነበር፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ይህንኑ የመጣል ሥልጣን ሰጥቷል። እንዲህ ያለው እገዳ ትልቅ ትንሽ አይለይም።

የወንጀል ሕጉ ግን ይለያል። 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም (አንቀጽ 52)። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው የአዋቂ ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አይታሰርም (አንቀጽ 53)። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም እንዲህ ያለው ታዳጊ ወዲያውኑ በቅርብ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ቢጠየቅም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል (አንቀጽ 56)። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ደግሞ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአስቸኳይ ጊዜ መብቶቹን ማገድ የሚፈቅድ አንቀጽ የለውም።

«በጨለማ የሚመጣው ልጅ ይሁን ታጣቂ በምን ይታወቃል?» የሚል የጸጥታ አስከባሪ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። ነገር ግን አስቁሞ መጠየቅ ሌላ፣ ከአዋቂ እስረኛ ጋር ማሳደር ሌላ።

ዕድሜን ማስረዳትም ቀላል አይደለም። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ «15 አልሞላኝም» ቢል በእጁ ወረቀት ላይኖር ይችላል። የቀበሌ መታወቂያም ቢሆን 18 ለሞላው ነው። ታዲያ ጥርጣሬው ለልጁ ሊደላ ይገባል፤ ቁመቱና ድምፁ የልደት ምስክር ወረቀት አይደሉም።

መፍትሔው ገንዘብም አዲስ አዋጅም አይፈልግም። ሰዓት እላፊ በሚጣልበት ማስታወቂያ ላይ ጥቂት መስመር መጨመር ይበቃል፦ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከሰዓት ውጭ ቢገኝ ቤተሰቡ ይጠራ፤ ቤተሰብ ከሌለው ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይሰጥ፤ በሌላ ወንጀል ከተጠረጠረም ሳይውል ሳያድር ፍርድ ቤት ይቅረብ።

ጦርነት ራያን ደጋግሞ ፈትኗል። ልጆቹ ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፣ ተፈናቅለዋል። ሌሊት ውኃ ሊጠልፍ የወጣ ልጅ በዚያው ሌሊት እስረኛ ሆኖ እንዳያድር ማድረግ ከወረዳው አቅም በላይ አይደለም።