ሸማው ተሻገረ፣ ሸማኔው ቀረ!

ከጉለሌ ሞያሌ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዲላን፣ ያቤሎን፣ ሜጋን አልፈን፣ አቧራ ጠግበን ደረስን። አብሮኝ የተሳፈረ አንድ የሽሮ ሜዳ ወጣት ሸማኔ የነጠላ ጥቅሉን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር። ፊት ለፊታችን በ2013 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድና ኡሁሩ ኬንያታ የመረቁት የጋራ የድንበር ኬላ ቆሟል። ያማረ ነው፣ አንዋሽም።

ልጁ ግን ከሩቅ ቆመ። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ እለፍ፤ የኔ በማታ ነው» አለኝ። በማታ ማለት በደላላ ማለት ነው። ጥቅሉን አስረከበኝና ሄደ።

ተሻገርኩ። መኪናው ወዲያው የግራውን መስመር ያዘ፤ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። ሻይ የምታፈላዋን ሴት ሰዓት ብጠይቃት «ሳ ታቱ» አለችኝ። ሦስት ሰዓት! ለካ ስዋሂሊም እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥረው። ቦረናውም እዚህም እዚያም ያው ቦረና ነው፤ ምኒልክና እንግሊዞች በ1900 ዓ.ም. የተስማሙበት መስመር ቋንቋውን አልከፈለውም። ኬንያ ደግሞ ኢትዮጵያዊን ቪዛ አትጠይቅም።

ታዲያ ያን ልጅ የከለከለው ማነው?

ፓስፖርት የለውማ! ዋጋው በ2016 ዓ.ም. ከ2 ሺህ ብር ወደ 5 ሺህ ብር ዘለለ። አስቸኳይ ላለ ደግሞ ከ20 ሺህ ጀምሮ ነው። ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ ሲወረውር የሚውል ሰው ይህን ከየት ያምጣ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው ይላል። በ5 ሺህ ብር ነው አይልም!

ባለሥልጣኖቻችን በየመድረኩ «ሕገወጥ ስደትን እንዋጋለን» ይላሉ። የሕጋዊውን በር ዋጋ የሰቀለው ማን ሆነና? ደላላው የምስጋና ደብዳቤ ቢጽፍላቸው አይገርመንም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር ታፍነው 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው የማታ መንገድ ይሄ ነው፤ ብዙው ወገናችን የሚጀምረውም ከዚሁ ከሞያሌ ነው።

ፓስፖርት ስለረከሰ ስደት ይቆማል አንልም። ሰውን ከቤቱ የሚገፋው ሥራ ማጣቱ ነው፣ ኑሮው ነው፣ ሰላም ማጣቱ ነው። ነገር ግን ነጠላ ሸጦ ሊመለስ ያሰበን ልጅ ከኮንቴይነር ተሳፋሪ ጋር አንድ መንገድ ላይ የሚጥለው ይኸው ዋጋ ነው። ስለዚህ ዋጋው ይውረድ። ሸማኔው በሚችለው፣ ያውም ያለ እጅ መንሻና ያለ ደጅ ጥናት ይሁንለት።

ጥቅሉን ናይሮቢ፣ ኢስሊ ላለ ዘመዱ አደረስኩ። ሰውዬው ፈታው፣ ቆጠረው። ስድስት ነጠላ፤ አልጎደለም።

«ልጁስ?» አለኝ።