የምስክር ብዛትና የምስክር ክብደት

በዚህ ሰሞን አንዲት እናት ጥያቄ አቀረቡልን። የስምንት ወር ሕፃን ልጃቸውን ሳል ስለ ያዘው፣ ለሳል የሚበጀውን በስልካቸው ፈለጉ። ከሁሉ በላይ የወጣው ገጽ፣ ማር በሞቀ ውሃ በጥብጦ መጠጣት መልካም ነው ይላል። ማሩን በማንኪያ ቀድተው ሳለ፣ በጤና ጣቢያ የሚያገለግሉ ጎረቤታቸው ደርሰው ከለከሏቸው። «ከሁሉ በላይ የወጣው እውነተኛው ስለ ሆነ አይደለምን?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ገጾች በምን ሚዛን እየተመዘኑ እንደሚሰለፉ በዛሬው ዓምዳችን ልንገልጽ ወደድን።

ሴት ልጁን ለመዳር የሚያስብ ቤተ ሰብ፣ የታጨውን ወጣት ጠባይ ከራሱ ከወጣቱ አይጠይቅም፤ ከሚያውቁት ሰዎች ይጠይቃል እንጂ። ሲጠይቅም ሦስት ነገር ያመዛዝናል። መጀመሪያ፣ ስንት ሰዎች መሰከሩለት? ሁለተኛ፣ የመሰከሩት እነማን ናቸው? በአገሩ የተከበሩ የአንድ ሽማግሌ ቃል፣ ማንነታቸው ካልታወቀ ከዐሥር መንገደኞች ቃል ይበልጣልና። ሦስተኛ፣ መስካሪው ያገኘውን ሁሉ የሚያመሰግን ሰው ነውን? እንዲህ ያለው ሰው ምስጋናው ርካሽ ነው።

በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ይህን የመሰለ ሚዛን ለኮምፒዩተር አበጁ። ሥራቸውን በ1998 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጽሑፍ ገለጡ፤ በዚያው ዓመትም ጉግል የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ሚዛኑም ፔጅራንክ ይባላል። ከዚያ አስቀድሞ የነበሩት መፈለጊያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱት በገጹ ላይ ያሉትን ቃላት ስለ ነበር፣ አንዱን ቃል ደጋግሞ የጻፈ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ይህም ወጣቱን ስለ ራሱ እንደ መጠየቅ ያለ ነው።

አዲሱ ሚዛን ግን ሊንክን እንደ ምስክርነት ይቈጥራል። ሊንክ ማለት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግር ማያያዣ ነው። አንድ ገጽ የራሱን ክብደት ለሚያመለክታቸው ገጾች እኩል ያካፍላል። ክብደቱ 10 የሆነ ገጽ ወደ 2 ገጾች ቢያመለክት ለእያንዳንዱ 5 ይደርሰዋል፤ ወደ 100 ገጾች ቢያመለክት ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ዐሥረኛው ብቻ ነው። የመስካሪው ክብደት ደግሞ ከእርሱ መስካሪዎች የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ስሌቱ ሁሉንም እኩል አድርጎ ይጀምርና ቊጥሩ እስኪረጋ ድረስ ደጋግሞ ያሰላል።

ነገር ግን ሚዛን ባለበት ሁሉ ሚዛን አሳሳች አይጠፋም። ወንድማማቾች ተሰብስበው እርስ በርሳቸው እንደሚመሰካከሩ ሁሉ፣ አንዳንድ ነጋዴዎች አያሌ ከንቱ ገጾችን እየሠሩ አንዱ ወደ ሌላው እንዲያመለክት አደረጉ፤ ሊንክንም በገንዘብ ገዙ። ጉግል በ2012 እንዲህ ያለውን ሐሰተኛ ምስክርነት የሚያጋልጥ፣ ፔንግዊን የተባለ ሥርዓት አወጣ። ዛሬም ሊንክ ብቻውን አይፈርድም፤ የገጹ ቃላት፣ የተጻፈበት ጊዜና የጠያቂው አገር ሳይቀሩ ከሌሎች ብዙ ምልክቶች ጋር ይመዘናሉ።

እንግዲህ ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለስ። ያን ገጽ ያመለከቱት ሰዎች አንዳቸውም ሐሰት አልተናገሩ ይሆናል። ማር የትልልቆችን ሳል ያለዝባልና። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። በማር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የሚገኝ ረቂቅ ተሕዋስ በጨቅላ አንጀት ውስጥ መርዝ ያፈልቃል፤ መርዙም የሕፃኑን ጡንቻ እያደከመ እስትንፋሱን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ሊንክ የሚለካው ገጹ ምን ያህል እንደ ተከበረ ነው፤ ለእርስዎ ልጅ ተስማሚ መሆኑን አይለካም። ያ ወጣት በሀገር ሁሉ ቢመሰገንም፣ ለዚያች ልጅ የሚስማማት መሆኑን የሚያውቁት ቤተ ሰቦችዋ እንጂ መስካሪዎቹ አይደሉም። ደግሞም መልካም ገጽ፣ ይልቁንም በአማርኛ የተጻፈው፣ የሚያመለክቱት ጥቂቶች ስለ ሆኑ ከታች ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ለእናቶችና ለአባቶች ይህን እንመክራለን። ከላይ «ማስታወቂያ» ወይም «ስፖንሰርድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ገጽ፣ ቦታውን ያገኘው በተከፈለበት ገንዘብ መሆኑን ይወቁ። ቀጥሎም የገጹ ጸሐፊ ማን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ጻፈና ለማን እንደ ጻፈ ይመርምሩ፤ ከአንድ ገጽም በላይ ያንብቡ። የሕፃን ሕመም ሲሆን ግን ስልኩን አኑረው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ስልኩ የልጅዎን ዕድሜ ሳይጠይቅ ይመልሳል፤ ሐኪሙ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዕድሜውን ነው።