ጠመንጃው ሳይሆን ጥይቱ ይመርመር

ከሮቢት እስከ ቆቦ ባለው ቆላ ጠመንጃ ጌጥም ነው፣ መከታም ነው፣ የቤት ሀብትም ነው። ሰርጉ በተኩስ ይደምቃል፤ በሬ ተሸጦ መሣሪያ ይገዛል። ታዲያ አሮጌው ጠመንጃ ሲነክስ ወይም ቀለህ አልለቅ ሲል ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፤ «አርጅቷል፣ ይቀየር!» አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጥይቱ ነው፤ በተለይ በእጅ የተሞላው።

ይህ የሰነፍ ፍርድ የሮቢት ብቻ አይደለም። በጥር 1877 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ አቡ ክሌያ ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ በውጊያው መሀል ነከሰባቸው። ማርቲኒ ከምላጩ ሥር ያለው ማንሻ ወደ ታች ሲሳብ የሚከፈት መሣሪያ ነው። ቀለሁ ግን ከስስ የናስ ቅጠል የተጠቀለለ ስለነበር በጋለና በቆሸሸ መጉረሻ ውስጥ እየተቀደደ ቀረ። ዋናው መድኃኒት የሆነው ቀለሁን ከወጥ ናስ መሥራት ነው።

ማንሻ ያለው ዊንቸስተርም ትምህርቱ ያው ነው። በእጅ የተሞላ፣ ከባድ አረር ያለው ጥይት ከልኩ ከረዘመ ከካዝናው ወደ መጉረሻው ሲነሳ ይቀረቀራል። አረሩ በቀለሁ አንገት ካልተጨመቀ የካዝናው ሞላ ወደ ውስጥ ያሰጥመዋል፤ ያኔ የባሩዱ ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱ ይንራል። ቱቦ በሚመስለው ካዝና ውስጥ ደግሞ የሹል አረር ጫፍ ከፊቱ ባለው ጥይት ካፕሱል ላይ ያርፋል፤ ጠመንጃው ሲራገጥ እዚያው ሊፈነዳ ይችላል። ከባድ አረር የባሩዱን ቦታ ይሻማልና ለቀላሉ የተለካ ባሩድ ለከባዱ አደጋ ነው። ከተኩስ በኋላ ማንሻው አልከፈት ካለ ጥይቱ «በቃ» እያለ ነው፤ በድንጋይ የሚመታው ግን ማንሻው ነው።

«አያቶቻችን ሞልተው ተኩሰዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። በዓድዋ ዘመን ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ባዶ ቀለህም ተሞልቶ ይመለስ ነበር። አያቶች የሞሉት ግን ጥቁር ባሩድ ነው፤ እነ ውጅግራም የተሠሩት ለእሱ ነው። ያለ ጭስ የሚነደውን የዘመኑን ባሩድ ከሌላ ጥይት አውጥቶ በዚያው ልክ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ መሙላት ቅርስ መጠበቅ አይደለም፤ ፊት ላይ ቦምብ መደገን ነው። ደግሞም ገንዘብ የሆነ ጥይት ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ማን እንደሞላው፣ ምን እንደሞላበት ቀለሁ አይናገርም።

ሕጉን በተመለከተ ክርክሩ ሁሉ በጠመንጃ ቁጥር ላይ ቀርቷል። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ጀምሮ የሚጠየቀው «ማን ታጠቀ? ስንት ታጠቀ?» ነው። ቆቦና ሮቢት ግን ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጦርነት የተመላለሰባቸው ምድር ናቸው። ምንጩ የማይታወቅ ጥይት በእንዲህ ያለ ቦታ ከጠመንጃው ቁጥር ያላነሰ ያስፈራል። ጠመንጃ ቆጥሮ ጥይት የማይጠይቅ ቁጥጥር በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደ መክፈት ነው።

የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ አይደለም። ድምፁ የደከመ ጥይት ከተተኮሰ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ሁለተኛው አይተኮስ፤ ቀጣዩ ብረቱን ይቀደዋል። የከሸፈ ጥይት ወዲያው አይከፈት፤ ዘግይቶ ሊነድ ይችላል። የተሰነጠቀ ወይም የተለጠጠ ቀለህ ዳግመኛ አይሞላ። ከሁሉ በላይ፣ በእጅ የተሞላ ጥይት በሰው መሀል አይተኮስ።

ይህን ለሕዝቡ መንገር የወረዳው ፖሊስና የሚሊሻ ኃላፊዎች ሥራ ነው። ሽማግሌዎችም ይግቡበት። የራያ ሽማግሌ በደም የተቃባን ሲያስታርቅ ኖሯል፤ በሰርግ ላይ የፈነዳ ጠመንጃ የሙሽራውን ወንድም ዓይን ሲያጠፋ «ጥይቱን ማን ሰጠው?» የሚለው ጥያቄ እሱው ፊት መቅረቡ አይቀርም። ከመታረቅ በፊት መከልከል ይቀላል። ለአንድ ቀን ድምቀት ሲባል የሰው ዓይን ከሚጠፋ ሰርጉ በጭብጨባና በእልልታ ይለፍ፤ ጎመን በጤና።