በአሥራዎቹ ዕድሜ የተጀመረ ጫትና መጠጥ ለምን በቀላሉ አይለቅም?

ከምሥራቅና ከደቡብ የአገሪቱ ክፍል የሚመጣው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። ጤፍና ሽንኩርት፣ ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ዕቃ፣ በኮባ የተጠቀለለ ጫትም በዚሁ ያልፋል። ፋብሪካ፣ የጭነት መኪና ማቆሚያ፣ የኮንዶሚኒየም መንደርና የአርሶ አደር ማሳ ጎን ለጎን በሚገኙበት በዚህ ክፍለ ከተማ፣ ጫት ለመግዛት የሚፈልግ የ14 ዓመት ልጅ ብዙ መንገድ መሄድ አያስፈልገውም። ብዙ ወላጅም «የልጅነት ነገር ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ያልፈዋል።

ነገሩ ግን በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው። የሰው አንጎል እኩል አይበስልም። ደስታንና ሽልማትን የሚያሳድደው ክፍል በጉርምስና ቀድሞ ይነቃል፤ የሚያመዛዝነውና «ተው» የሚለው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ በግንባታ ላይ ነው። በዚህ መካከል የሚገባ ኒኮቲን፣ አልኮል ወይም ጫት የሚያገኘው ገና ቅርጽ በመያዝ ላይ ያለ አካል ነው። በለጋነታቸው ኒኮቲን የተሰጣቸው አይጦች ካደጉ በኋላ ለሌሎች አደንዛዥ ነገሮች ይበልጥ ተሸናፊ ሆነው መገኘታቸውን በርካታ የቤተ ሙከራ ጥናቶች አሳይተዋል።

በሰው ላይ ከተደረጉት መካከል በስፋት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመው ጥናት ነው። መጠጥ የጀመሩት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ከሆነ፣ ከ100 ሰዎች 40 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው የመጠጥ ጥገኛ ሆነዋል፤ በ20 ዓመታቸውና ከዚያ በኋላ በጀመሩት ዘንድ ግን ቁጥሩ 10 ገደማ ነው። ልዩነቱን ሁሉ የፈጠረው የመጀመሪያው ብርጭቆ ነው ማለት አይደለም። ቀድሞ የሚጀምር ልጅ ብዙ ጊዜ ችግር ካለበት ቤት የሚወጣ ነው፤ የዘር ውርስም የራሱ ድርሻ አለው። ቢሆንም አደጋው በዕድሜ ማነስ እንደሚባባስ ከእንስሳቱም ሙከራ ከሰዎቹም ጥናት አንድ ዓይነት ምልክት ይታያል።

በእኛ አገር ጥያቄው ከመጠጥ ይልቅ በጫት ላይ ይጠነክራል። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ወንዶች 27 በመቶው፣ ከሴቶች 12 በመቶው ጫት ቅመው ያውቃሉ። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል፤ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲፈስ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ የሚጣደፈውም ለዚህ ነው። ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲል ደግሞ ጨብሲ ይከተላል። ጫት የጀመረው ልጅ መጠጥንም በዚያው ይለምዳል፤ ሲጋራውም ከዚያ አይርቅም።

ሕጉ እዚህ ላይ ይዛነፋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትንባሆም አልኮልም እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ለጫት ግን በዚህ አዋጅ የዕድሜ ገደብ አልተቀመጠለትም። ቢራ ሊሸጥለት የማይገባ ልጅ ከአጠገቡ ካለው ሱቅ እስር ጫት ይዞ ሲወጣ፣ ሻጩ የጣሰው የአዋጁ አንቀጽ የለም። በትምህርት ቤቶች ዙሪያ በየጊዜው የሚካሄደው የመቃሚያ ቤት ማሸግ ዘመቻም ሰሞኑን ያልፍና ቤቶቹ በሌላ ቅያስ ይከፈታሉ።

በአርሶ አደሩ በኩል ያለው ነገር ቀላል አይደለም። በባሕር ዳር ዙሪያ እህል ይበቅልበት የነበረ መሬት ወደ ጫት የዞረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ውኃ ያገኘ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም እጅ በእጅ ነው። አርሶ አደሩን «ንቀል» ማለት ለከተማ ሰው ይቀላል። የሽያጭ ዕድሜ መገደብ ግን ማሳውን አይነካም፤ የሚነካው የችርቻሮ ሻጩን ነው። ገጠሩም ቢሆን ከነገሩ ነፃ አይደለም፤ ለድግስ የተጠመቀን ጠላ ለሕፃን ማቅመስ፣ ልጅን ለጫት ቆረጣ ከትምህርት ማስቀረት በየቀበሌው የሚታወቅ ነው።

ከዘገየ በኋላ ያለው መንገድ ጠባብ ነው። በመዲናዋ ለሱስ ሕክምና ስማቸው የሚነሣው እንደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ያሉ ጥቂት ተቋማት ናቸው። ሁለቱም ከአቃቂ ከተማውን አቋርጦ መሄድን ይጠይቃሉ፤ ለቀን ሠራተኛ ወላጅ አንድ ቀጠሮ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው።